የዘማች አባት መታሰቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ትምህርታችን ስለ መታሰቢያ ነው። ከሞተ በኋላ ስሙ እንዲነሣለት የማይመኝ ሰው የለም። ባለሥልጣኑ ሐውልት ያቆማል፤ ባለጸጋው በስሙ የሚጠራ ሕንፃ ያሠራል፤ ድኃውም ከልጁ በቀር የሚተወው ስለሌለው በልጁ ስም ውስጥ ይኖራል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም ይህን ምኞት አትነቅፍም። ተዝካር ማለት መታሰቢያ ማለት ነውና፣ ልጆችዋን ከሞቱም በኋላ በጸሎትዋና በመሥዋዕትዋ ታስባቸዋለች። ነገር ግን ልንመረምረው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በሰው ፊት ሳይሆን በእግዚአብሔር ፊት የሚቆም መታሰቢያ ምን ዓይነት ነው? የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠን አንድ ወታደር ነው። ወንጌላዊው ሉቃስ በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ 10 እንደ ጻፈው፣ በቂሣርያ ከተማ ቆርኔሌዎስ የሚባል የመቶ አለቃ ነበረ። ሉቃስ የዚህን ሰው ነገር ሲጀምር ስንት ጠላት እንደ ጣለና ስንት ከተማ እንደ ያዘ አላወራልንም። ከቤተ ሰቡ ሁሉ ጋር እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ለድኃ የሚመጸውት፣ ጸሎት የማያስታጕል ሰው መሆኑን ነገረን እንጂ። መልአኩም በዘጠኝ ሰዓት በተገለጠለት ጊዜ፣ ወደ እግዚአብሔር ፊት ለመታሰቢያ የወጣለት ጸሎቱና ምጽዋቱ መሆኑን አበሠረው። ቅዱስ ጴጥሮስ ከኢዮጴ ተነሥቶ በመጣ ጊዜም ይህን የመቶ አለቃ ብቻውን አላገኘውም፤ ዘመዶቹንና የቅርብ ወዳጆቹን ሰብስቦ ሲጠብቀው አገኘው እንጂ። እንግዲህ ልብ እንበል። የቆርኔሌዎስ ሹመት የሮም መንግሥት የሰጠው ነበረ፤ ያ መንግሥት አልፏል። መታሰቢያው ግን በቤቱ ውስጥ የተሠራ ስለ ነበረ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ይህን ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ ከዚህ ዓለም ድካም ያረፉ አንድ አረጋዊ የንስሐ ልጅ ነበሩኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል። የንስሐ አባት በኑዛዜ የሰማውን ይዞት ወደ መቃብር ይወርዳል እንጂ በአደባባይ አያወጣውም። እኔም የምነግራችሁ እርሳቸው በጽዋ ማኅበር መካከል ቆመው በገዛ አፋቸው የተናገሩትን፣ ጎረቤትም በዓይኑ ያየውን ነው፤ ባለቤታቸውም ለሌላው ትምህርት ይሆናል ብለው ፈቅደውልኛል።

እኒህ ሰው የኮርያ ዘማች ነበሩ። ታሪኩን የማታውቁ ልጆች ብትኖሩ ባጭሩ ላስታውሳችሁ። በ1942 ዓ.ም. በኮርያ ምድር ጦርነት በተነሣ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮችን ለእርዳታ ጠራ። ኢትዮጵያም በ1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ፊት ጮኻ የሚረዳት ያጣች አገር ነበረችና፣ የተጠቃ ሕዝብ ሲጣራ ዝም ማለት አልወደደችም። ከክብር ዘበኛ ተመርጦ የተደራጀው የቃኘው ሻለቃ ጦር በሚያዝያ ወር 1943 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል በመርከብ ተነሣ። ቃኘው የተባለውም በልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ጦርነቱ እስኪቆም ድረስ ሦስት ሻለቆች እየተተካኩ ዘመቱ፤ የዘማቹም ቍጥር ከ3,000 በላይ ነበረ። ከእነዚህም ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጡ፤ ከ500 በላይ የሚሆኑት ቈሰሉ፤ አንድም የተማረከ አልነበረም። የተኵስ ማቆሙ ስምምነት የተፈረመው በሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። የወደቁትም ወንድሞች ዐፅማቸው ወደ አገሩ ተመልሶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል።

እኒህ የንስሐ ልጄ በሁለተኛው ሻለቃ የሄዱት በ1944 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ወጣት ሳሉ ነው። በዓመቱ ተመለሱ። በደረታቸው ላይ ሜዳይ ነበረ፤ በጎናቸው ላይም የቍስል ጠባሳ ነበረ። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሚስት አገቡ፤ በቅዱስ ቍርባንም ተወሰኑ። ልጆችም ተወለዱላቸው። ከውጭ ሲያዩት የተባረከ ቤት ነው።

ነገር ግን ጦርነት በሰላም ውል የሚያልቀው በአገሮች መካከል ነው፤ በሰው ልብ ውስጥ ግን ሳያልቅ ይቆያል። እኒህ ሰው ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይሸሻቸው ነበር። በር በኃይል ከተዘጋ፣ ብረት ድስት ከወደቀ፣ ብድግ ይላሉ። የማይታየውን ይጠብቃሉ። ይህን ለመርሳት ብለው መጠጥ ለመዱ፤ መጠጡም ቍጣን አመጣ፤ ቍጣውም እጅን አስነሣ። በኮርያ ተራራ ላይ ለጓደኛቸው ጋሻ የሆኑት እጆች በገዛ ቤታቸው የሚፈሩ ሆኑ። ልጆቹ የአባታቸውን እግር ኮቴ ሲሰሙ ወደ ጓዳ ይሸሹ ጀመር።

አንድ ቀን ማለዳ ባለቤታቸው ያን ሜዳይ ከሣጥን አውጥተው በገበታው ላይ አኖሩት። እንዲህም አሉአቸው፦ «ይህ የተሰጠህ ጠላትን ስላስፈራህ ነው። እኛን ስላስፈራኸን ግን ማን ይሸልምሃል?»

ምእመናን ሆይ፤ እኔ በትምህርት ቤት ከመምህራን እግር ሥር ተቀምጬ ብዙ ቃል ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ አጭር ተግሣጽ ግን ብዙ አልሰማሁም። ሰውየውም ይህን በማኅበር ላይ ሲናገሩ፣ «በዘመቻ አንድ ጊዜ ቈስያለሁ፤ የቈሰልሁት ሁለተኛው ቍስል ግን ያን ቀን ነው፤ ያዳነኝም እርሱ ነው» ይሉ ነበር። በዚያው ቀን ከእኔ በፊት ወደ ነበሩት የንስሐ አባታቸው ሄዱ። መጠጡን ተዉ። ቀኖናቸውንም ተቀበሉ። ከዚያም ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተዉት አንድ ሥርዓት ለራሳቸው ሠሩ። ማታ ከሥራ ሲመለሱ ከደጃፋቸው ላይ ይቆማሉ፤ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፤ ከዚያ በኋላ ጕሮሮአቸውን አጽድተው «ቤቶች!» ብለው ይገባሉ። ጎረቤት ሁሉ ይህን ያውቅ ነበር። «በደጅ የምቆመው ጦር ሜዳውን ከውጭ ለማስቀረት ነው፤ ካልጸለይሁ አብሮኝ ይገባል» ይሉ ነበር። ሰላምም በዚያ ቤት በአንድ ቀን አልገባችም፤ ልጆቹ ከጓዳ ወጥተው አባታቸውን ለመቀበል እስኪሮጡ ድረስ ብዙ ወራት ወስዷል። እርሳቸው ግን ታግሠው ጠበቁ።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 30 የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። ዳዊትና ሰዎቹ በሌሉበት አማሌቃውያን ጺቅላግን አቃጥለው ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ማርከው ሄዱ። ዳዊት ከስድስት መቶ ሰዎች ጋር ተከተላቸው። ሁለት መቶው ግን ስለ ደከሙ ከቦሦር ወንዝ ማዶ ሊሻገሩ አልቻሉም፤ ከዕቃው ዘንድ ቀሩ። ዳዊትም በእግዚአብሔር ኃይል ድል ነሥቶ የተማረከውን ሁሉ አስመልሶ በመጣ ጊዜ፣ ከተዋጉት መካከል ክፉዎች ሰዎች ዕቃ ሲጠብቅ ለቆየው ከምርኮው አናካፍልም አሉ። ዳዊት ግን ይህ አይሆንም ብሎ፣ የዘመተውና ዕቃ የጠበቀው እኩል እንዲካፈል ፈረደ፤ ይህም ፍርድ ለእስራኤል ሥርዓት ሆኖ ቀረ።

እኒህ የንስሐ ልጄ ይህን ምዕራፍ ከሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር። ስለ ምን? ዕቃ የጠበቀች ሚስት ነበረቻቸውና። ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር በኋላ የክብር ዘበኛ ወታደር በየቦታው ሲበተን እርሳቸውም ከሥራቸው ወጡ፤ የአናጢነት ሙያ እስኪለምዱ ድረስ ቤቱን ያቆመው የባለቤታቸው ፈትልና የጕልት ንግድ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የጊዜው መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋር ሲወዳጅ፣ ኮርያ ዘምቻለሁ ማለት የሚያስከብር መሆኑ ቀርቶ የሚያስጠረጥር ሆነ። በዚያን ጊዜ ሜዳዩን በጨርቅ ጠቅልለው በዱቄት ዕቃ ውስጥ የሸሸጉት ባለቤታቸው ናቸው። ዓመታት አልፈው የኮርያ ዘማቾች እንደ ገና በክብር መጠራት ሲጀምሩ፣ በአዲስ አበባም በአፍንጮ በር አካባቢ ሐውልት በቆመላቸው ጊዜ፣ እኒህ ሰው በበዓሉ ላይ ያለ ባለቤታቸው አንድ ቀን ተገኝተው አያውቁም። ሜዳዩን አድርገው ከእርሳቸው ቀጥሎ ያስቀምጡአቸዋል። ማን ናቸው ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፣ «ከዕቃው ዘንድ የቆየችው ናት፤ እኩሌታው የእርሷ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ጡረታቸውንም ሲቀበሉ ሳይቆርሱ በእጃቸው ያስረክቡ ነበር።

ልጆች ሳሉ ልጆቻቸው፣ በኋላም የልጅ ልጆቻቸው፣ ልጅ ሁሉ እንደሚጠይቀው፣ «አባባ፤ ስንት ገደልህ?» ይሉአቸው ነበር። እርሳቸውም፣ «ስንት ልጅ አባት አጣ? ብላችሁ ጠይቁኝ» ይሉ ነበር እንጂ በደም አይመኩም ነበር። በኮርያ ሳሉ ወላጅ ያጡ ሕፃናት ጣሳ ይዘው በሰፈሩ አጥር ሥር ሲቆሙ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች ከስንቃቸው ያካፍሉአቸው ነበር። ጦርነቱ በቆመበት ዓመትም ዶንግዱቾን በሚባል ስፍራ ለእንደዚህ ያሉ ሕፃናት መጠለያ አቁመዋል። እኒህ ሰው ከዚያ በፊት ተመልሰው ነበርና ያን መጠለያ አላዩም፤ ያዩት በአጥር ሥር የቆመውን ሕፃን ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በሰፈራቸው ባልና ሚስት ተከታትለው ሞተው አንዲት ሕፃን ብቻዋን በቀረች ጊዜ፣ ሰዎች ስለ ሕፃኒቱ ሲመካከሩ እኒህ ሰው ተነሥተው፣ «በአጥር ሥር አንድ ሕፃን ትቼ መጥቻለሁ፤ ሁለተኛ አልተውም» ብለው እጅዋን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱአት። ከልጆቻቸው ሳይለዩ አሳደጉ፤ አስተማሩ፤ ዳሩ።

እንግዲህ ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላ ታመው በተኙ ጊዜ ለኑዛዜ አስጠሩኝ። ስለ ነፍሳቸው የነገሩኝ በእኔና በእግዚአብሔር መካከል ነው። ከዚያ በኋላ ግን ቤተ ሰቡ ሁሉ እንዲገባ አድርገው በሁሉ ፊት የተናዘዙት ይህ ነው። ቤቱና ያላቸው ጥሪት ለባለቤታቸው መኖሪያ እንዲሆን፤ ለጸሎተ ፍትሐትና ለቅዳሴ የሚገባው እንዲደረግ፤ በአርባው ቀን በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያሉ ነዳያን እንዲበሉ፤ ከዚህ ያለፈ ድግስ ግን እንዳይደረግ። በመጨረሻም ከትራሳቸው ሥር አንዲት ያረጀች ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። በወረቀቲቱ ላይ ሰባት የክርስትና ስሞች ተጽፈዋል። በኮርያ በአጠገባቸው የወደቁ ጓደኞቻቸው ናቸው። «እነዚህ ሲሞቱ ሚስት አላገቡም፤ ልጅ አልወለዱም፤ ተዝካር የሚያወጣላቸው የለም። እስከ ዛሬ እኔ አስቤአቸዋለሁ። የእኔ ስም በተጠራ ጊዜ የእነርሱ አስቀድሞ ይጠራ» አሉኝ።

ካረፉ በኋላ ግን በቤቱ ክርክር ተነሣ። የበኵር ልጃቸው አባቱን አጥብቆ የሚወድ ሰው ነው። ታላቅ ድንኳን ተክሎ፣ ሰንጋ ጥሎ፣ ጠጅ አስጥሎ፣ ዘመድ ወዳጁን ሁሉ ጠርቶ ማብላት ፈለገ፤ ገንዘቡ ስላልነበረው ሊበደር አሰበ። «አባቴ ለአገሩ የደማ ጀግና ነው፤ እንደ ተራ ሰው አላስታውሰውም፤ ሰውስ ምን ይለኛል?» አለ። ይህን ቃል በንቀት አንስማው። ከፍቅር የመጣ ነው። ስንት ቤት ግን በዚህ ፍቅር ዕዳ ውስጥ ገብቷል! ስንት መበለት የባልዋን ተዝካር ካወጣች በኋላ የዕለት እንጀራ አጥታለች! ስንት ወንድማማች በተዝካር ወጪ ተካሶ ፍርድ ቤት ቆሟል!

በዚህ ጊዜ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዝም ብለው የተቀመጡት እናቱ፣ «ልጄ፤ አባትህ በሕይወቱ ዘመን ዕዳ ወደዚህ ቤት አላስገባም። በሞቱ እንዴት ታስገባበታለህ?» አሉት። ልጁም አለቀሰ፤ ነገሩም በዚህ ተቈረጠ።

ምእመናን ሆይ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት አስተውሉ። በሦስተኛው ቀን ሙታንን የምናስበው ጌታችን በሦስተኛው ቀን ስለ ተነሣ ነው። በሠላሳው ቀን የምናስበው የእስራኤል ልጆች ሙሴን ሠላሳ ቀን ስላለቀሱለት ነው። በአርባው ቀን የምናስበው ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በአርባኛው ቀን ስላረገ ነው። እንዲሁም ሰባተኛው፣ ዐሥራ ሁለተኛው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ የጸሎትና የመሥዋዕት ቀን ሆነው ተሠርተዋል። ከእነዚህ ቀናት አንዱም ጎረቤት የሚታዘብበት፣ ሀብት የሚለካበት ቀን ሆኖ አልተሠራም። ለሞተው የሚጠቅመው ቅዳሴው፣ ጸሎቱና በስሙ ለተራበ የተቈረሰው እንጀራ ነው። ጠግቦ ለመጣ ሰው የተበደርነውን ብናበላው ለሟቹ ምን ይደርሰዋል? ለቆርኔሌዎስ ወደ ሰማይ የወጣለት ጸሎትና ምጽዋት መሆኑን አንርሳ።

በአርባው ቀን የሆነው እንዲህ ነው። ቅዳሴ ተቀደሰ። በጸሎቱም ጊዜ አስቀድሞ የሰባቱ ስም፣ ከዚያ በኋላ የእርሳቸው ስም ተጠራ። በዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑም ነዳያን ተቀምጠው በሉ፤ እንጀራውን እያዞረች የምታቀርበው ያቺ ያሳደጉአት ልጅ ነበረች፤ ወጡን የሚጨልፈውም ያ የበኵር ልጅ ነበረ። ከሰባ ዓመት በፊት በሩቅ አገር ልጅ ሳይወልዱ የወደቁ ሰባት ወጣቶች በዚያ ቀን ልጅ እንዳለው ሰው ታሰቡ።

አሁን ወደ እያንዳንዳችን ቤት እንመለስ። የኮርያ ዘማቾች ጥቂቶች ቀርተዋል፤ ነገር ግን ጦርነት ከምድር አልጠፋምና በዘመናችንም ከውጊያ የተመለሱ ወንድሞችና ልጆች በብዙ ቤት አሉ። ከጦር ሜዳ የተመለስህ ወንድሜ ሆይ፤ ሌሊት የሚያስደነግጥህ ነገር ቢኖር አትፈርበት፤ በመጠጥም አትቅበረው። ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፤ ሐኪምም ቢያስፈልግህ ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና ወደ ሐኪም ሂድ። መጥምቁ ዮሐንስ ምን እናድርግ ብለው የጠየቁትን ወታደሮች፣ በማንም ላይ ግፍ እንዳይሠሩ ሲያስተምር፣ ከጠላት ውጭ ያለውን ሰው ብቻ ማለቱ አይደለም፤ የገዛ ሚስትህና የገዛ ልጅህም በዚያ ቃል ውስጥ አሉ። ከደጃፍህ ላይ ቆመህ ጸልየህ ግባ።

የዘማች ሚስት ሆይ፤ የተሰጠሽን የዳዊትን ፍርድ አትርሺ፤ ከዕቃው ዘንድ የቆየ ድርሻው እኩል ነው። ነገር ግን ሰውየው እጁን ቢያነሣብሽ፣ እያዘንሁለት ነው ብለሽ በዝምታ አትሸፍኚው፤ ለንስሐ አባትና ለሽማግሌ ንገሪ፤ ለሕይወትሽና ለልጆችሽም የምትፈሪ ብትሆኚ ራስሽን አድኚ። በገበታ ላይ የተቀመጠችው ያቺ ሜዳይ ያን ቤት ያዳነችው እውነት ስለ ተነገረባት ነው።

ልጆች ሆይ፤ አባታችሁን በሕይወት ሳለ አስቡት። ለድንኳን የምትበደሩትን ለመድኃኒቱ አውጡት፤ በቀብሩ ላይ የምትናገሩትን ውዳሴ ዛሬ ማታ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣችሁ ንገሩት። የእድር ሹማምንትና የመንደር ሽማግሌዎች ሆይ፤ በተዝካሩ ድኃ የሆነ ቤት እንዳይኖር ምከሩ፤ ያልደገሰውንም አትሙት። ሁላችንም ደግሞ በጸሎታችን ጊዜ የሚያስባቸው ዘመድ የሌላቸውን ሰዎች አንድ ሁለት ስም እንያዝ። ሰባት ስም የያዘች አንዲት ወረቀት ከድንጋይ ሐውልት ይልቅ ለነፍስ ቅርብ ናት።

የሕያዋንና የሙታን አምላክ እግዚአብሔር የእኒህን አባት ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍልን። በሩቅ አገርና በገዛ ምድራችን የወደቁትን ሁሉ፣ ስማቸውን የምናውቀውንም የማናውቀውንም፣ በመንግሥቱ ያስብልን። ለመበለቶች መጽናናትን፣ ለሕፃናት አሳዳጊን፣ ለተመለሱት ዕረፍትን፣ ለአገራችንም ሰላምን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።